ጎሚኒው ተቀይሮም የሃርድቶፑ የኋላ ክፍል አቧራ ይሞላል፤ የእንግዳ ዕቃና ምግብ እንዴት ይጠበቅ?

ቆላ ወራጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ ስለ ቱር መኪና ነው፦ ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ 78፣ የኋላ በሩ ለሁለት የሚከፈት፣ ስኮርታው (መለዋወጫ ጎማው) በሩ ላይ የተሰቀለ፣ ላዩ ላይ ሙሉ ፖርቶመጋላ (የጣሪያ ዕቃ መጫኛ) ያለው። መስመሩ ከመቐለ በበራህሌ አድርጎ ሐመደ ኢላ፣ ከዚያ በአሸዋውና በጥቁሩ ድንጋይ ወደ ኤርታ አሌ ነው፤ በሌላ ወቅት ደግሞ ደቡብ ኦሞ።

የኋላ በሮቹ ጎሚኒ (በበሩ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ላስቲክ) አዲስ ነው። እንዲያም ሆኖ ከአስፋልት ወጥቶ ጥቂት ሰዓት ከተነዳ በኋላ የኋላው ወለል ላይ በጣት የሚጻፍበት አቧራ ይተኛል። ክዳን ያላቸው የፕላስቲክ ሳጥኖች አሉ፤ ውስጣቸው ያለው ልብስና የመኝታ ከረጢት ግን ሲወጣ አቧራ ያራግፋል። ስኳርና ዱቄት ሳይቀር ጥርስ ላይ ይንቀጫቀጫል።

የማያስገባው የቱ ነው፣ የሚያስገባውስ የቱ? በሩን በድጋሚ ልሥራ ወይስ ገንዘቡን ሳጥን ላይ ላውል? ፖርቶመጋላ ላይ የሚጫነውስ እንዴት ይሸፈን? እንግዶች ደግሞ የጎኑን ተንሸራታች መስኮት ከፍተው መሄድ ይወዳሉ፤ ይህ ለውጥ ያመጣል? በዝርዝር ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

---

ላሜራ ቤት

ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ጥያቄህ ልጀምር፣ የሁሉም ቁልፍ እሱ ነውና። አቧራ ቀዳዳ ስላገኘ ብቻ አይገባም፤ ተስቦ ነው የሚገባው። ሃርድቶፕ ጀርባው ቀጥ ያለ ስለሆነ ሲሄድ ከኋላው ያለው አየር ይሳሳል፤ ጎማዎቹ የሚያነሱት አቧራም ወደዚያ ተጠቅልሎ የኋላ በሩን ያለብሰዋል። በዚህ ላይ የጎን መስኮት ሲከፈት በጎን በፍጥነት የሚያልፈው አየር የውስጡን አየር ይመጠዋል። የተመጠጠው አየር በሌላ መተካት አለበት፤ መተኪያው ደግሞ ከኋላ በር ክፍተትና ከወለል ቀዳዳ የሚገባው አቧራማ አየር ነው። ስለዚህ በሩ ምንም ያህል ቢሠራ መስኮቱ ተከፍቶ ከተሄደ ልፋቱ ግማሽ ነው።

አሁን ወደ በሩ። ከቀጣዩ ጉዞ ስትመለስ መኪናውን ከማጠብህ በፊት የኋላውን ምንጣፍ አንሳ፣ የጎንና የበር ሽፋኖቹን ፍታ፣ በባትሪ ብርሃን ወደ ጎን እያበራህ ተመልከት። አቧራው ከገባበት ነጥብ ጠበብ ብሎ ጀምሮ እየሰፋ የሚሄድ ጭረት ይሠራል፤ ጠባቡ ጫፍ መግቢያው ነው። በእርሳስ ወይም በቴፕ ምልክት አድርግበት። መኪናው ታጥቦ ወደ እኛ ሲመጣ ይህ ሁሉ ማስረጃ ጠፍቶ ስለሚመጣ በግምት ነው የምንሠራው።

ከዚያ ጎሚኒው በትክክል መጨመቁን ፈትሽ። አዲስ መሆኑ ብቻ ዋስትና አይደለም፣ ላሜራውን ካልነካ እንደሌለ ነው። ወረቀት በሁለት ጣት ስፋት ቆርጠህ በሩን ዝጋበትና ሳብ፤ በሩን ዙሪያውን በየአሥር ሴንቲሜትሩ ይህን አድርግ። ወረቀቱ እየታገለ መውጣት አለበት፤ ሸርተት ብሎ የሚወጣበት ቦታ ክፍት ነው። የበለጠ ለማረጋገጥ ጎሚኒው ላይ ጠመኔ ቀብተህ በሩን ዝጋና ክፈት፤ ላሜራው ላይ የሚቀረው ነጭ መስመር የተቆረጠበት ቦታ አቧራ ያስገባል።

በሃርድቶፕ ላይ መስመሩ የሚቆረጠው አብዛኛውን ጊዜ ስኮርታውን በሚሸከመው በር የታችኛው ማዕዘን ላይና ሁለቱ በሮች መሃል ላይ በሚገናኙበት ነው። ምክንያቱ የስኮርታው ክብደት ነው፤ ማጠፊያውን እያላላ በሩን ወደ ታች ያወርደዋል። በሩን በከፊል ክፈትና ጫፉን ወደ ላይ አንሳው። እጅህ ላይ ጨዋታ ከተሰማህ የማጠፊያው ፒን ወይም ቡሽ አልቋል ማለት ነው፤ መጀመሪያ እሱ ይቀየር። ማጠፊያው ደህና ከሆነ የቁልፉን መያዣ ብረት ብሎኖች አላልተህ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ግፋው፣ አጥብቀህ ወረቀቱን ድገም። ከዚያ በላይ ከገፋህ በሩ በጉልበት ካልተመታ አይዘጋም፣ ጎሚኒውም ቶሎ ይሞታል።

ሁለተኛ መስመር ጎሚኒ መጨመር ከፈለግህ (ለዚህ መስመር እኔ እመክረዋለሁ) ውፍረቱን በዓይን አትገምት። ትንሽ ሊጥ በስስ ፌስታል ጠቅልለህ ክፍተቱ ላይ አስቀምጥ፣ በሩን ዝጋ፣ ክፈት፣ የተጨመቀውን ውፍረት ለካ። 8 ሚሊሜትር ከሆነ 11 ወይም 12 ሚሊሜትር የሆነ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ተለጣፊ ጎሚኒ ግዛ። ሲሶ ያህሉ መጨመቅ አለበት። የፍራሽ ስፖንጅ ግን አይሆንም፤ ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ የተያያዙ ስለሆኑ አየርም አቧራም ያሳልፋል፣ ውሃም ይመጥጣል፣ ላሜራውንም ያዝጋል። ላዩ ላይ ውሃ ጠብ ስታደርግበት የማይጠጣው ዓይነት ነው የሚፈለገው። ከመለጠፍህ በፊት ቦታውን በአልኮል ጥረገው፣ መጋጠሚያውን ከታችኛው ማዕዘን አርቀው።

ወለሉ ላይ ደግሞ ክብ የጎማ መድፈኛዎች አሉ፤ በሙቀት ደርቀው ይሸሻሉ ወይም ወድቀው ይጠፋሉ። ሶማሌ ተራ (አዲስ አበባ፣ የመኪና መለዋወጫ ሰፈር) በመጠን በመጠኑ ይገኛሉ፣ ርካሽ ናቸው። የተፈታ ወንበር የነበረበት የብሎን ቀዳዳ፣ የኋላ መብራቱ ሽቦ የሚያልፍበት፣ የማርሽና የፎር ዊል ዘንጎች የላስቲክ ሽፋን፣ ሁሉም ይታይ። የተሰነጠቀ የላሜራ መጋጠሚያ ስትሞላ ኮምጣጤ የሚሸተውን ሲሊኮን አትጠቀም፤ ላሜራ ያዝጋል፣ ቀለምም አይይዝበትም። ለመኪና ቦዲ የሚሆን ፖሊዩሬቴን ጠይቅ።

የማይደፈኑም አሉ፦ በሮቹ ሆድ ሥር ያሉት የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎች። እነሱን የደፈነ ሰው በክረምት በሩን ከውስጥ ያበሰብሳል።

ሥራው ሲያልቅ መሞከሪያው ቀላል ነው። መኪናው ቆሞ ሁሉንም መስኮት ዝጋ፣ ፋኑን በውጭ አየር ሙሉ ልቀቀው፣ ውጭ ሆነህ የሚጨስ ዕጣን በበሩ ዙሪያ ቀስ ብለህ አዙር። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከወጣ ደህና ነው፤ ድንገት ወደ አንተ ከተገፋ እዚያ ቦታ አየር እየወጣ ነው። አየር የሚወጣበት በሌላ ጊዜ አቧራ የሚገባበት ነው። ይህን ነፋስ በሌለበት፣ በጠዋት ሥራው።

---

መሪ ይዤ

ጋሼ ላሜራ የጻፉት ላይ የመንዳቱን ነገር ልጨምር። ሥራው የመኪናውን ውስጥ ከውጭው ይልቅ በትንሹ በአየር የተነፋ ማድረግ ነው። ሁሉም መስኮት ይዘጋ፣ የአየር ማስገቢያው በውጭ አየር ላይ ይሁን፣ ፋኑ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ደረጃ ላይ ይሁን። ብዙ ሹፌር አቧራ ሲያይ ወደ ውስጥ አየር ያዞርና እዚያው ይተወዋል። ያኔ ፋኑ ያንኑ የውስጥ አየር ነው የሚያዞረው፣ ግፊት የለም፣ የኋላ በሩ መሳቡን ይቀጥላል። ኤሲ ብታበራም ባታበራም ለውጥ የለውም፤ ዋናው አየሩ ከየት እንደሚመጣ ነው።

መኪና ከፊት ሲመጣና ስትተላለፉ ብቻ ወደ ውስጥ አየር አዙር፤ ደመናውን ካለፍክ በኋላ መልስ። ብዙ አሮጌ ሃርድቶፕ የካቢን ፊልትሮ ስለሌለው በዚያች ቅጽበት የሚገባው በቀጥታ ፊት ላይ ነው የሚመጣው።

ግፊት መኖሩን ለማየት ቆመህ፣ ፋኑን ከፍተህ፣ አንድ መስኮት በጣት ውፍረት ዝቅ አድርግና የሶፍት ቁራጭ ክፍተቱ ላይ ያዝ። ወደ ውጭ ከተገፋ ጥሩ። ዝም ካለ ከዳሽቦርዱ ሥር ያለው የአየር መቀየሪያ ገመድ እስከ መጨረሻው እየሳበ ላይሆን ይችላል፤ ማንሻው "ውጭ" ላይ ሆኖ ክዳኑ ግማሽ ላይ የቀረባቸው መኪናዎች ብዙ ናቸው።

ለእንግዶቹ ነገሩን ከጉዞ በፊት ንገራቸው፦ አስፋልት ላይ መስኮት እንደፈለጉ፣ ፒስታ (የአፈርና የጠጠር መንገድ) ላይ ዝግ። ሻንጣቸውን የሚጠብቅላቸው መሆኑን ሲያውቁ ይተባበራሉ። ለፎቶ ከሆነ ቁም፤ እየነዱ ከመክፈት መቆሙ ይሻላል።

በሰልፍ ስትሄዱ ርቀት በሜትር አይወሰንም፣ በነፋስ ነው። ነፋስ በጎን ካለ ከፊተኛው መኪና ነፋሱ ወደሚመጣበት ጎን ወጣ ብለህ ተከተል። ነፋስ ከሌለ ግን አቧራው እንደተንጠለጠለ ይቆያል፤ ያኔ የፊተኛውን አቧራ ከሩቅ እያየህ እንጂ ውስጡ ገብተህ አትሂድ። ሜዳው ሰፊ በሆነበት በአፋር ጎን ለጎን መሄድ የሚቻልበት ቦታ አለ፣ ተጠቀሙበት።

ስትቆም ደግሞ አፍንጫውን ወደ ነፋስ አዙረህ አቁም። የራስህ አቧራ ከኋላህ መጥቶ ስለሚደርስብህ የኋላውን በር ወዲያው አትክፈት፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቅ። ቀኑን ሙሉ በጥንቃቄ የተጠበቀ ዕቃ የሚበላሸው በዚህች ጥድፊያ ነው።

---

ሳጥን

በሩን ሥራ፣ ፋኑንም ክፈት፤ ግን በዚህ መስመር ላይ ሳጥኑን ካላስተካከልክ አይሆንም። ለምን እንደሆነ ቁጥሩ ይናገራል።

መቐለ ከባሕር ጠለል በላይ 2,250 ሜትር አካባቢ ናት፤ ሐመደ ኢላ ከባሕር ጠለል በታች 100 ሜትር ገደማ። የአየሩ ግፊት መቐለ 770 ሚሊባር ያህል ነው፣ ሐመደ ኢላ 1,025። መቐለ ላይ ክዳኑን ገጥመህ የምታወርደው ሳጥን ውስጡ ያለው አየር ታች ሲደርስ በሩብ ያህል ይኮማተራል። የቆላው ሙቀት መልሶ ትንሽ ይነፋዋል፤ ሁለቱ ሲቻቻሉ ከአምስት አንድ ያህል ይጎድላል። ባለ 60 ሊትር ሳጥን ከሆነ 12 ሊትር አየር ከውጭ መሳብ አለበት ማለት ነው። የሚስበው ደግሞ በክዳኑ ጠርዝ ላይ ከተኛው አቧራ ጋር ነው። መቐለ ላይ የተዘጋ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ታች ሲደርስ የሚጨማደደው በዚሁ ምክንያት ነው።

ቁልቁለቱ ካለቀ በኋላም በልኩ ይቀጥላል። ቀን ይሞቃል፣ ይተነፍሳል፤ ማታ ይቀዘቅዛል፣ ይስባል። ጎሚኒ የሌለው ክዳን፣ ምንም እንኳ ጠቅ ብሎ ቢዘጋ፣ ይህን ሁሉ አየር ያሳልፋል።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው፣ ክዳኑ ዙሪያውን በቦዩ ውስጥ የተቀመጠ ክብ ጎሚኒ ያለውና ቢያንስ በአራት ቦታ የሚቆለፍ ሳጥን ነው። መሃሉ ላይ ብቻ የሚቆለፍ ረጅም ሳጥን ማዕዘኖቹ ይነሳሉ። የፔሊካን ዓይነቶቹ (ጠንካራ የካሜራ ሳጥኖች) አየር የሚያስተነፍስ አቧራ ግን የማያስገባ ትንሽ ቀዳዳ አላቸው፤ ዋጋቸው ከባድ ስለሆነ ለካሜራና ለመድኃኒት ብቻ ይሁኑ። ለልብስና ለመኝታ ዕቃ ደህና ጠንካራ የፕላስቲክ ሳጥን ገዝተህ ውሃ የማይመጥጥ ስስ ተለጣፊ ጎሚኒ በክዳኑ ውስጥ ዙሪያውን ለጥፍ። ምናለሽ ተራ (መርካቶ) የላሜራ ሳጥን በልክ ያሠራሉ፤ ካሠራህ ክዳኑ ከጠርዙ ላይ ቢያንስ 3 ሴንቲሜትር ወደ ታች የሚወርድ ይሁን፣ የተበየደው መጋጠሚያም ከውስጥ በማስቲሽ ይሞላ።

ሁለተኛው፣ ሳጥኑ ውስጥ ሁልጊዜ ሌላ ሽፋን ይኑር። ልብስ በወፍራም ፌስታል ወይም አፉ በሚጠቀለል ውሃ የማያስገባ ከረጢት ይግባ፣ አየሩ በጉልበት ተጨምቆ ይውጣ፣ አፉ ሦስት ጊዜ ይጠቅለል። ለምን ሁለት ንብርብር? ሳጥኑን ስትከፍት ክዳኑ ላይ ያለው አቧራ ወደ ውስጥ መውደቁ አይቀርም፤ የውስጠኛው ሽፋን ያንን ይቀበለዋል። አየር የሌለበት ከረጢት ደግሞ ቁልቁለቱ ላይ የሚስበው ነገር የለውም።

ታች እንደደረሳችሁ፣ ጎሚኒ ያላቸውን ሳጥኖች ሰፈር ውስጥ፣ ክዳናቸውን በእርጥብ ጨርቅ ከጠረግህ በኋላ፣ አንድ ጊዜ ከፍተህ ዝጋ። ያኔ የጎደለው አየር በንጹሕ ቦታ ይሞላል። ሳይከፈቱ ወደ ኤርታ አሌ ከሄዱ መንገድ ላይ ከአቧራው ይሞላሉ፣ ወይም ክዳናቸው ተጣብቆ አልከፈት ይላል።

አቀማመጥም አለ። ከኋላ በሩ አጠገብ ያለው ወለል ከሁሉም የባሰ ነው፤ እዚያ ጃክ፣ አካፋ፣ የድንኳን ካስማ ይሁን። ንጹሕ መሆን ያለበት ከወንበሮቹ ጀርባ፣ ከወለል ከፍ ብሎ ይቀመጥ።

ፖርቶመጋላውን በተመለከተ ብዙ ሰው ከሚያስበው ይልቅ ጣሪያው ንጹሕ ነው፣ በተለይ የፊተኛው ሲሶ። የራስህ ጎማ የሚያነሳው ወደ ኋላ ነው የሚሄደው። የመኝታ ከረጢትና የእንግዳ ሻንጣ ከፊት፣ ጀሪካንና የድንኳን ዘንግ ከኋላ። ሸራው ላይ የሚሳሳተው ነገር አንድ ነው፤ የፊት ጠርዙ ነጻ ይቀራል፣ ነፋስ ከሥሩ ይገባና ሸራው ይርገበገባል፣ በተርገበገበ ቁጥር አቧራ ይስባል። ሸራውን መጀመሪያ ከሻንጣው ሥር አንጥፍ፣ ዕቃውን ጫን፣ የፊቱን ጠርዝ ወደ ኋላ አጥፈው፣ የጎኖቹን በላዩ፣ የኋላውን በመጨረሻ ወደ ፊት አምጥተህ ከጎኖቹ ሥር አስገባ። ክፍት ጠርዝ ወደ ፊት አይይ። በላዩ መረብ ወይም ገመድ በየግማሽ ሜትሩ ይጥበቅ። የፕላስቲክ ሽፋን ያለው ወፍራም ሸራ ከጥጡ ይሻላል፤ የጥጡ ዝናብ ካልነካው በቀር የላመ አቧራ ያሳልፋል።

---

ወጥ ቤት በመንገድ

ስለ ምግብ ማንም አልጻፈም። ወንድሜ ሳጥን፣ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፤ ግን የወጥ ቤት ሳጥን በቀን ስንት ጊዜ እንደሚከፈት አስበው። ለልብስ የሚሠራው ለምግብ አይበቃም።

ደረቁ እህል (ሽሮ፣ በርበሬ፣ ዱቄት፣ ስኳር፣ የተፈጨ ቡና) በፌስታል አይሂድ። ፌስታል ተከፍቶ ሲታሰር እጥፋቱ ውስጥ የተጠራቀመው አቧራ በሚቀጥለው ጊዜ አብሮ ይፈሳል። ሰፊ አፍ ያለው፣ ክዳኑ የሚጠመዘዝ፣ ውስጡ ጎሚኒ ያለው ዕቃ ግዛ፤ 1 እና 2 ሊትር የሚይዙት ይሻላሉ። ትልቅ ዕቃ አንድ ጊዜ አቧራ ከገባበት ሁሉም ይጠፋል። ሞልተህ ዝጋው፣ ባዶ ቦታ ካለ ላዩን በንጹሕ ፌስታል ሙላው፤ ላይ የተነገረው የአየር መሳብ እዚህም ይሠራል።

ለአንድ ምግብ የሚያስፈልገውን ማታ መኪናው ከቆመና አቧራው ከሰከነ በኋላ በትንሽ ዕቃ አውጥተህ አዘጋጅ። ቀን ለምሳ ሲቆም ትልቁ ሳጥን አይከፈት፤ የዕለቱ ትንሽ ሳጥን ብቻ ይውጣ። ከዚህ የበለጠ የጠቀመ ዘዴ አላየሁም።

እንጀራ ሌላ ጉዳይ ነው። አቧራ እንዳይነካው ብለህ ትኩሱን በፌስታል ብትዘጋው ያልበዋል፣ በቆላው ሙቀት ቶሎ ይሻግታል። ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ፣ መጀመሪያ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይጠቅለል፣ ከዚያ ጎሚኒ ባለው ሳጥን ይግባ። ጨርቁ እርጥበቱን ይይዛል፣ ሳጥኑ አቧራውን። ጨርቁ በየቀኑ ይቀየር።

ሳህን፣ ብርጭቆና ማንኪያ አፉ በሚታሰር ከረጢት ይሂዱ። ፍሪጅ ካለህ በሸራ አትጠቅልለው፤ ሞተሩ አየር ያጣና ይቃጠላል። አየር በሚያስገባበት ወንፊት ላይ ቀዳዳው ሰፋፊ የሆነ ስስ ስፖንጅ አድርግ፣ ማታ ማታ አራግፈው።

ከሰልን አትርሱት። የኋላ በሩን ጎሚኒ ሁሉ ብትጨርስ የከሰል ከረጢት ውስጥ ካለ አቧራው የሚመጣው ከውስጥ ነው። ከሰል፣ ማገዶ፣ የተጠቀለለ ድንኳንና ጫማ የየራሳቸው የታሰረ ከረጢት ይኑራቸው፤ ቢቻል ፖርቶመጋላው ላይ ይጫኑ። ድንኳን ከመጠቅለሉ በፊት ተገልብጦ ይራገፍ።

---

ቆላ ወራጅ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ሦስት ነገር ልጨምር። ጋሼ ላሜራ፣ አንዳንድ ሹፌሮች የኋላውን በር ከውጭ በሰፊ ፕላስተር ቴፕ ይለጥፉታል፤ ምን ይላሉ? ከኋላ ጎን ላይ ያሉትን የአየር መውጫዎችስ ልድፈናቸው? ሌላው፣ አሳሌ ሐይቅ ጨው ላይ ከተነዳ በኋላ ዚፖቹ ሁሉ ይደርቃሉ። ለእንግዶች ካሜራስ ምን እንላቸው?

---

ሌንስ

ካሜራውን ልመልስ። ሌንስ መኪናው ውስጥ ሆኖ፣ ፋኑ ጠፍቶ፣ የካሜራው አፍ ወደ ታች ተደርጎ ይቀየር። የሚነፋው በእጅ በሚጨመቅ የላስቲክ ፊኛ ብቻ ነው። በአፍ መንፋት ምራቅ ያስገባል፤ በጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር መንፋት ደግሞ ከታንኩ የሚወጣ ውሃና ዘይት አለው፣ ግፊቱም የሌንሱን ውስጥ ይጎዳል። ሌንስ ላይ ያለውን አቧራ በጨርቅ ከማበስ በፊት በብሩሽና በፊኛ አስለቅቁት፤ የኤርታ አሌ አካባቢ አቧራ የላቫ ብናኝ ስላለበት መስታወት ይቧጥጣል። የስልክን የቻርጅ ቀዳዳ በቁራጭ ወረቀት ቴፕ መዝጋት ይበቃል።

ጨው፦ የአሳሌ ጨው ከላመ አቧራ ጋር ሲቀላቀል ማታ ከአየሩ እርጥበት ይስባል፣ ቀን ይደርቃል፣ የዚፑ ጥርሶች መሃል ይጋገራል። በጉልበት አትጎትቱት፣ ጥርሱ ይሰበራል። በንጹሕ ውሃ የራሰ የጥርስ ብሩሽ ፍተጉት፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ሻማ አሽሹበት። ዘይት አትቀቡ፣ የሚቀጥለውን አቧራ ይሰበስባል። የሳጥንና የበር ጎሚኒዎችም በዚያው ቀን በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጉ፤ አንዲት የጨው ቅንጣት የጎሚኒውን ከንፈር ከፍታ ትይዘዋለች፣ አቧራው በዚያች መስመር ይገባል።

---

ላሜራ ቤት

ቴፕ ለአንድ ክፉ ቀን ይረዳል፣ ለዘወትር ግን አይደለም። በቆላ ፀሐይ ሙጫው ቀልጦ ቀለሙ ላይ ይቀራል፣ ስትልጠው ቀለሙን ይዞ ሊወጣ ይችላል። በሩንም ስለምትፈልገው በቀን ብዙ ጊዜ ትፈታዋለህ። ግድ ከሆነ የቀለም ቀቢዎችን የወረቀት ቴፕ ተጠቀም፣ የታችኛውን ጠርዝና የሁለቱን በሮች መሃል ብቻ ለጥፍ፣ ማታ አንሳው፣ አታሳድረው።

የአየር መውጫዎቹን አትድፈናቸው። ላስቲክ ክዳን አላቸው፤ ከውስጥ አየር ሲገፋቸው ይከፈታሉ፣ ከውጭ ሲመጣ ይዘጋሉ። ከደፈንካቸው ፋኑ የሚያስገባው አየር መውጫ ያጣል፣ ንጹሕ አየር አይገባም፣ በሩም ለመዝጋት ያስቸግራል። ችግሩ ክዳኑ በዕድሜ ደርቆ ሲጣመም ነው። የጎኑን ሽፋን ፍታና በጣትህ ንካው፦ ለስላሳና ጠፍጣፋ ተኝቶ ካገኘኸው አጥበህ መልሰው። ጫፉ ከተጠቀለለ ቀይረው። አዲሱ እስኪገኝ ከውስጥ በኩል የአየር ፊልትሮ ጨርቅ በወረቀት ቴፕ ሸፍንበት፤ አየሩ ይወጣል፣ አቧራው ይቀራል። ጨርቁን በየጉዞው አራግፍ።

አንድ የረሳሁት፣ ጎሚኒውን በናፍጣ፣ በቤንዚን ወይም በቫዝሊን እንዳታሹ። ለጊዜው ያብለጨልጨዋል፣ ከዚያ ያብጥና ይላላል። በሳሙና ውሃ እጠቡት፣ ሲደርቅ የሲሊኮን ስፕሬይ በጨርቅ ላይ ረጭታችሁ በስሱ አብሱት። ቆላ ከመውረዳችሁ በፊት ባለው ቀን ቢሆን ይመረጣል፤ ጠዋት ተቀብቶ ወዲያው የሚነዳ ከሆነ እርጥቡ ላይ አቧራ ይለጠፍበታል።